ግቢ የሚደለደለው በገልባጭ አይደለም

ታሪኩ በየሰፈሩ ተመሳሳይ ነው። ሠርግ ሊደገስ ነው፣ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አለ። ድንኳን የሚተከልበት የግቢ ሣር ግን ጎርበጥባጣ ሆኗል። ወንበር ሲቀመጥበት ይወላገዳል፣ ልጆች ሲሮጡበት እግራቸው ይታጠፋል፣ የሣር ማጨጃው ጉብታውን እስከ አፈሩ እየላጨ ጎድጓዳውን ሳይነካ ያልፋል። ባለቤቱ ሰው ያስጠራል። የተጠራው ሰው ግቢውን አንዴ ዞር ብሎ ያይና መልሱን ከኪሱ እንደሚያወጣ ሰው ይናገራል፦ "ይሄማ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ነባሩን ሣር እንላጨዋለን፣ አንድ ገልባጭ አፈር እናስደፋለን፣ በሩሎ እንዳምጠዋለን፣ አዲስ ሣር እናለብሰዋለን።"

ዋጋ ይቆረጣል። አፈሩ ይደፋል፣ ሩሎው ይመላለሳል፣ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ የመጣው ሣር ይነጠፋል። የጥር ሠርግ ዕለት ግቢው እንደ ጠረጴዛ ይሆናል። ፎቶውም ያምራል።

ከዚያ ሐምሌ ይመጣል። አዲሱ ሣር ላይ ውሃ መቋጠር ይጀምራል። ነሐሴ ላይ ቢጫ እየሆነ የሚሞት ክብ ክብ ቦታ ይታያል። መስከረም ጠብቶ ውሃው ሲሸሽ ጉብታውም ጎድጓዳውም ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። በተከታዩ ዓመት ያው ሰው ተመልሶ ይጠራል፤ ያው ገልባጭ በር ላይ ይቆማል።

ይህ "የአንድ ቀን ድልዳሎ" የሚባለው ነገር በደንብ ቢታይ በየዓመቱ የሚከፈል ግብር ነው። የሚከፍለው ባለቤቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ "ገንዘቡ የራሱ ነው" ተብሎ ይታለፍ ነበር። ግን ጎረቤትም ይከፍላል፣ አፈሩ የተገፈፈበት መሬትም ይከፍላል፣ ውሃ በፈረቃ የሚጠብቅ ሰፈርም ይከፍላል። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ግቢ ጉዳይ ተደርጎ ሊታለፍ አይገባም።

◾️ ያበጠው አፈሩ ነው

አዲስ አበባ በአንድ ዓይነት አፈር ላይ አልተቀመጠችም። ከእንጦጦ ግርጌ በጉለሌ በኩል ያለው መሬት በብዛት ቀይ ነው። ወደ ቦሌ፣ ወደ ሲኤምሲና አያት፣ ወደ አቃቂ ቃሊቲ ሲወረድ ግን ሰፊው ቦታ ጥቁር አፈር፣ ዋልካ ነው። በአገር ደረጃ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት የዚህ አፈር ነው።

ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እጅ የሚያስገባበት፣ ጥልቀቱም ከግማሽ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ወደዚያ ስንጥቅ ከላይ የረገፈ አፈር ይገባል። ክረምቱ ሲመጣ ከታች ያለው ሸክላ ልበጥ ይላል፤ ቦታውን ግን ከላይ የወረደው አፈር ይዞበታል። ወደ ጎን መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይገፋል። አንዱ ቦታ ይጎብጣል፣ አጠገቡ ያለው ይሰረጉዳል። የአፈር ሊቃውንት ይህን የጉብታና የጎድጓዳ ሰንሰለት "ጊልጋይ" ይሉታል። ቃሉን የወሰዱት ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ሲሆን ትርጉሙ ትንሽ የውሃ ጉድጓድ ማለት ነው። የዚያ አገር ገበሬዎች ጊልጋይን ደልድለው ሲያርሱት ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ብቅ እንደሚል ያውቃሉ። በትራክተር ያልተሸነፈ መሬት ለአንድ ቀን ሩሎ አይሸነፍም።

የሚገርመው ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ማወቁ ነው። መሠረት ሲወጣ ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ እንዲነሳ፣ በምትኩ ገረጋንቲ ተሞልቶ እንዲጠቀጠቅ ከፍሏል። "ዋልካ ላይ ቤት አይቆምም" ሲባል ሰምቶ አምኗል። ከቤቱ ግድግዳ ሁለት ሜትር ርቆ ሣር ሲተክል ግን ያን ዕውቀት በር ላይ ጥሎ ይወጣል። ብዙ ጊዜም ከመሠረቱ የወጣው ጥቁር አፈር ከግቢው አልወጣም፤ ማስወጫው ገንዘብ ስለሚጠይቅ ጓሮው ላይ ተበትኖ፣ የብሎኬት ስባሪና የሲሚንቶ ከረጢት ተቀላቅሎበት፣ ሣር በላዩ ላይ በቅሎበታል። ከረጢቱ ሲበሰብስ መሬቱ ይሰምጣል። የብሎኬት ክምር ያለበት ደግሞ ባለበት ይቀራል። ከሁለት ክረምት በኋላ "ሣሩ ጎበጠ" ይባላል።

ዋልካ ያልሆነ ግቢም የራሱ ምክንያት አለው። የአሸንዳው ውሃ አንድ ቦታ እየወረደ አፈሩን ይቦረቡረዋል። የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ጉቶ ከሥር ሲበሰብስ ጉድጓድ ይተዋል። ለውሃ ቧንቧ የተቆፈረ ቦይ ሳይጠቀጠቅ ተሞልቶ ቀስ በቀስ ይሰምጣል። ፍልፈል አፈሩን እየቆለለ ጉብታ ይሠራል። ክረምት ላይ መኪና ሣሩ ላይ ይቆማል፤ ጎማው የሄደበት እንደ ቦይ ይቀራል። እነዚህ ሁሉ መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። ገልባጩ ግን ለሁሉም የሚያዝዘው አንድ መድኃኒት ነው፤ አፈር መድፋት። አበው "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው። ፍልፈል ያለበትን ግቢ አፈር መድፋት ለፍልፈሉ ተጨማሪ ቤት መሥራት ነው።

ሩሎውም የራሱ ጥፋት አለው። እርጥብ ዋልካ ሲዳመጥ አየርና ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይደፈናል። ላዩ ለጊዜው ልሙጥ ይሆናል፣ ውሃ ግን አይሰርግም። ሥሩ አየር ያጣ ሣር ነሐሴ ላይ ቢጫ ቢሆን የበሽታ ምልክት እየተባለ መድኃኒት ሊገዛለት አይገባም፤ ታፍኖ ነው።

◾️ ከፍ ያለው ግቢና ዝቅ ያለው ጎረቤት

ትልቁ በደል ግን እዚህ ላይ ነው። መቶ ካሬ ሜትር ግቢን በ10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ማለት 10 ሜትር ኩብ አፈር መጨመር ማለት ነው። በየድልዳሎው ይህን ያህል ሲጨመር ግቢው ከዓመት ዓመት ከጎረቤቱ በላይ ይወጣል። አንድ ጠንካራ የነሐሴ ዝናብ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ 200 ካሬ ሜትር በሆነ ጣሪያና ግቢ ላይ የሚያርፈው ውሃ 6,000 ሊትር ነው፤ 300 ጀሪካን ማለት ነው። በሩሎ የታሸገው መሬት አይጠጣውም። ውሃው ታዲያ የት ይሂድ? ወደ ዝቅተኛው ግቢ ነዋ!

አጥሩም አለ። የግቢ አጥር የተሠራው ሌባና ዓይን ለመከልከል ነው እንጂ አፈር ለመደገፍ አይደለም። በአንድ ወገኑ ግማሽ ሜትር የራሰ ዋልካ ሲደገፍበት ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ አንድ የክረምት ሌሊት ይወድቃል። የሚወድቀውም ዝቅ ወዳለው ጎረቤት ነው። ከዚያ ሽማግሌ፣ ከዚያ ወረዳ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን የሚያውክ ወይም የሚጎዳ ነገር ማድረግ እንደሌለበት ይደነግጋል። "በገዛ ግቢዬ" የሚለው ክርክር እዚያ ላይ ያበቃል። ሕጉ ባይኖርስ? "እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል" ያለችው አህያ በአገሩ መሳቂያ ሆና የቀረችው ለምንድነው? ዛሬ ደግሞ "የእኔ ሰርዶ ይብቀል እንጂ ጎረቤቴ ይጥለቅለቅ" የሚል መጥቷል።

ለጎረቤቱ የማይጨነቅ ለራሱ ቤት ይጨነቅ። በየጊዜው የሚደፋው አፈር ቀስ በቀስ ከቤቱ ውሃ ልክ በላይ ይወጣል። እርጥበቱ ወደ ግድግዳው ይገባል፤ ቀለም ይነሳል፣ ልስን ይረግፋል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ልብስ ይሸታል። ባለቤቱ ቀለም ቀቢ ያስጠራል። ቀለም ቀቢው ቀብቶ ይሄዳል። ጥፋቱ ከውጭ፣ ከሚያምረው ሣር ሥር መሆኑን የሚነግረው የለም።

◾️ ሣሩ ከየት መጣ? ውሃውስ?

ሠርገኛው ሁሉ ያመሰገነው አረንጓዴ ምንጣፍ ከሰማይ አልወረደም። በችግኝ ጣቢያ ተባዝቶ የተሸጠ ከሆነ እሰየው። ከከተማው ዳር ካለ የግጦሽ መስክ ተልጦ የመጣ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ተጠቅልሎ የሚመጣ ሣር ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ ነው የሚነሳው። አራት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው ለመቶ ካሬ ሜትር አራት ሜትር ኩብ አፈር ተገፏል ማለት ነው። የተገፈፈውም የመሬቱ ፍሬ የሆነው የላይኛው ክፍል ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትሩ እንኳ ለመፈጠር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ላም የምትግጥበት መስክ ተላጨ፣ ክረምቱ የቀረውን አጠበው፣ ከተማ ውስጥ የተነጠፈው ደግሞ ነሐሴ ላይ ታፍኖ ሞተና ተጠርጎ ወጣ። ሁለት ቦታ የጠፋ፣ አንድም ቦታ ያልለማ።

ውሃውም እንዲሁ ነው። በበጋ የአዲስ አበባ ፀሐይና ነፋስ ከሣር ላይ በቀን ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆን ውሃ ይወስዳል። ለመቶ ካሬ ሜትር ሲሰላ በቀን ከ300 እስከ 400 ሊትር፣ ማለትም ከ15 እስከ 20 ጀሪካን ነው። ሥር የሰደደ ነባር ሣር ሳይጠጣ ቢሰነብት ይደርቃል እንጂ አይሞትም፤ ዝናብ ሲነካው ያንሰራራል። በጥር የተነጠፈ አዲስ ሣር ግን ሥር የለውምና ዕለት ዕለት ካልጠጣ ያልቅለታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ከአጥሩ ውጭ ሰው ጀሪካን ደርድሮ በሚጠብቅበት ሰዓት፣ ከአጥሩ ውስጥ በየዓመቱ አዲስ ሣር እየተከሉ በየዓመቱ እንደ ሕፃን ማጥባት ሊያሳፍር ይገባል።

እዚህ ላይ "ከተማው ራሱ በየመንገዱ ሣር እየተከለ አይደል ወይ?" የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ የከተማውን ዓይን ከመንገድ ዳር ሣር ጋር አላምዶታል፤ ብዙ ሰውም ያንኑ ወደ ግቢው ማምጣት ይፈልጋል። ግን የመንገድ ዳሩ ሣር የሚያጠጣና የሚከረክም ሠራተኛ ይመደብለታል፤ አጠገቡም የመንገዱ የፍሳሽ መስመር አለ። ባለግቢው የሚኮርጀው ላዩን ብቻ ነው። ፍሳሹን አይቀዳም፣ ሠራተኛውን አይቀዳም።

◾️ እነዋሪን ያየ ሰው

ዋልካን እንዴት መያዝ እንደሚገባ ለማወቅ ከውጭ አገር ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። በሰሜን ሸዋ፣ በእነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ በዚሁ አፈር ላይ ስንዴና ጤፍ ያመርታሉ። መሬቱን እንደ ጠረጴዛ ለማድረግ አይደክሙም። ካረሱ በኋላ በቤተሰብ ጉልበት፣ በእጃቸው አፈሩን እየሰበሰቡ ከፍ ያለ መደብ ያወጣሉ፤ በመደቦቹ መካከል ቦይ ይተዋሉ። ውሃው መሄጃውን ያገኛል፣ ሰብሉ ከውሃው በላይ ይቆማል። በ1980ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ተመራማሪዎች በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሲሠሩ ያንን የእጅ ሥራ ለማቅለል ነበር። ጥበቡ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ውሃው፣ ከዚያ መሬቱ።

የከተማው ሰው ከዚያ ገበሬ የሚማረው ይህን ቅደም ተከተል ነው። አሸንዳው በቧንቧ ተቀብሎ ወደ ፍሳሽ ካልተመራ፣ ውሃው ከቤቱ እየራቀ እንዲሄድ በየአንድ ሜትሩ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ተዳፋት ካልተሰጠ፣ በላዩ ላይ የሚደረገው ሁሉ ከንቱ ነው። ይህን ለማየት ሁለት ካስማ፣ ሲባጎና የውሃ ልክ ይበቃሉ። ገልባጭ አያስፈልግም።

ውሃው ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው ሥራ ትንሽ ነው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ጥቃቅኑ ጎርበጥባጣ ነባሩ ሣር ሳይነሳ በላዩ ላይ ስስ አፈር እየተበተነ ይደለደላል። አፈሩ ከግቢው አፈር ጋር የሚቀራረብ፣ የተነፋ፣ ብስባሽ የተቀላቀለበት ይሁን። ውፍረቱ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይለፍ፤ የሣሩ ጫፍ ከአፈሩ በላይ መታየት አለበት። መቶ ካሬ ሜትር ሙሉ በሙሉ ቢሸፈን እንኳ የሚፈጀው አንድ ሜትር ኩብ ነው፤ ያም 15 ወይም 17 ካሪዮላ ቢሆን ነው። የሚበዛው አፈር ደግሞ የሚፈለገው ጎድጓዳው ላይ ብቻ ነው። ሣሩ በላዩ ሲያድግ ከወራት በኋላ ይደገማል። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ማለት ይኸው ነው።

ጎድጓዳው ጠልቆ ከሆነ፣ ወይም ጉብታው ከፍ ብሎ ከሆነ፣ ሣሩ መሐሉ ላይ በአካፋ ስለት ተሰንጥቆ እንደ መስኮት ሁለት ክንፍ ወደ ግራና ቀኝ ይገለጣል። ከሥሩ አፈር ይጨመራል ወይም ይቀነሳል፤ ክንፉ ተመልሶ ይዘጋል፣ በእግር ረገጥ ረገጥ ይደረጋል፣ ውሃ ይጠጣል። ሣር አልተገዛም፣ አልተጣለም። የሞተበት ቦታ ካለም ሰርዶና ኪኩዩ በሐረጋቸው እየሄዱ የሚባዙ ናቸው፤ ከግቢው ጥግ ቁንጥር ቁንጥር እያሉ መትከል ይበቃል።

ጊዜውም መታወቅ አለበት። ዋልካ ጭቃ ሳለ የነካው ሰው ጡብ ይሠራል፤ እንደ ድንጋይ ደርቆ ሳለ የነካው ደግሞ ዶማውን ይሰብራል። ዝናቡ ጋብ ብሎ መሬቱ ከእጅ መጣበቅ ሲተው፣ ሣሩም ገና በኃይል እያደገ ሳለ፣ መስከረም አጋማሽ አካባቢ ነው የሚሠራው። ከዚያ በኋላ ሣሩን እስከ ሥሩ አለመላጨት፤ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል የተተወ ሣር ጥቃቅኑን ጉብታ ራሱ ይሸፍነዋል። ክረምት ላይ መኪና አለማቆም። በዚህ ሁሉ አልሆን ያለ፣ በየዓመቱ የሚያብጥ ጥግ ካለ ደግሞ ሣርነቱን መተው ነው። መደብ አውጥቶ ጎመንና ቆስጣ ቢዘራበት ማንም "ጎበጠ" አይለውም።

◾️ "የሰው እንጀራ ነው"

የመጨረሻው መከራከሪያ ይህ ነው፤ በድልዳሎ የሚተዳደር ብዙ ሰው አለ፣ እንጀራውን ማሳጣት ነው ይባላል። ሲሰላ ግን ተቃራኒው ነው። በአንድ ቀኑ ሥራ ከሚከፈለው ገንዘብ ውስጥ ብዙው የሚሄደው ለአፈሩ፣ ለገልባጩና ለሣሩ ነው። አካፋ የያዘው ሰው የሚያገኘው የአንድ ቀን አበል ነው። በስስ አፈር፣ በየወቅቱ የሚሠራ ድልዳሎ ግን አትክልተኛውን በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ ይጠራዋል፤ ገንዘቡም ለእጁና ለዕውቀቱ ይከፈላል። በዚህ ሥራ የሚቀርበት ገልባጩ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በአትክልተኛው ላይ መጫንም ፍርደ ገምድልነት ነው። እርሱ የሚሸጠው የተጠየቀውን ነው። "እስከ ቅዳሜ ይድረስልኝ" ያለው ባለቤቱ ነው። ሠርጉ የአንድ ቀን ነው፤ ለአንድ ቀን የሚበቃ ከሆነ ድንኳኑ ሥር ምንጣፍ ወይም ጣውላ አንጥፎ ማለፍ ይቻላል፤ በማግስቱ ይነሳል፣ ማንንም አይጎዳም። ለአንድ ቀን ፎቶ ተብሎ የአሥር ዓመት ሣር መላጨት፣ የጎረቤት ግቢ ማጥለቅለቅና የሩቅ መስክ መግፈፍ ግን በየትኛውም ሒሳብ አያዋጣም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ይህኛው ችኩል ደግሞ ያፈሰሰውን ጎረቤቱን ያስለቅማል።

ስለዚህ ግቢው የጎረበጠበት ሰው ድልዳሎውን ከጥር አይጀምር። ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ በወረደበት ሰዓት፣ ጃንጥላ ይዞ ግቢውን አንዴ ይዙር። ውሃው የቆመበትን ቦታ በካስማ ምልክት ያድርግ፤ ወደ ማን ግቢ እንደሚፈስም ይይ። መስከረም ላይ ሰው ሲያስጠራ ከዋጋው በፊት ሦስት ጥያቄ ያንሳ፦ ውሃው በየት ይወጣል? ሣሩ ከየት ይመጣል? በመጪው ነሐሴ ይህ ቦታ ምን ይመስላል? ሦስቱን የሚመልስ ሰው ካገኘ አጥብቆ ይያዘው። ሳይመልስ ገልባጭ ሊጠራ ስልኩን ካወጣ ግን በሩን በትሕትና ይክፈትለትና ይሸኘው።